ሁለታችንም የሰረዝነው መጽሔት

ሰኞ

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም እጄ ከላዩ አልተነሳም። ብዙ ሳልቆይ አልቀረሁም። አንድ ተማሪ መጥቶ ጠረጴዛዬን በእስክሪብቶው ኳ ኳ አደረገና ደኅና መሆኔን ጠየቀኝ። ደኅና አይደለሁም። ደኅና ነኝ አልኩት።

የደወሉት አቶ ክፍሌ ናቸው፤ በአጋሮ መንገድ፣ የቡ ከተማ ያለው የቡና ምርምር ጣቢያ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ። ሽማግሌ ሰው፣ ጨዋ፣ ስልክ ሲያነሱ እንኳ ከወንበራቸው ብድግ የሚሉ የሚመስለኝ። እንደ ወትሮው ጤናዬን ጠየቁ፣ ባለቤቴን ጠየቁ፣ የጅማን ዝናብ ጠየቁ። ከዚያ እግረ መንገዳቸውን፣ የአዲሱ ዓመት የቡናው መጽሔት መምጣት ሲጀምር የማውጫውን ገጽ ኮፒ እንድልክላቸው ለመኑኝ።

"እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚያስመጡት?" አልኩ።

"እኔማ ትልቁን ነው የያዝኩት።"

"ትልቁን እኮ እኔ ይዤዋለሁ፣ አቶ ክፍሌ።"

  መስመሩ ተደራርቦ ኖሮ ከውስጡ አንዲት ሴት በኦሮምኛ አንድ ሰውን ስለ ማዳበሪያ ስትቆጣ ይሰማል። ሁለታችንም እሷን እናዳምጥ ነበር።

የቡናው መጽሔት የምንለው በዓመት አራት ጊዜ የሚወጣ፣ ቀጭን፣ ስለ ቡና በሽታ ብቻ የሚጽፍ የውጭ መጽሔት ነው። ትልቁ የምንለው ደግሞ ስለ እርሻ ሳይንስ በጠቅላላው የሚጽፍ፣ ወፍራም፣ ውድ፣ ማንም ብዙ የማይገልጠው፣ ነገር ግን ስሙ የሚያስከብር። የእኛ ኮሌጅም የእሳቸው ጣቢያም ሁለቱን ሲያስመጡ ኖረዋል። ዘንድሮ በጀት ሲቀነስ ተነጋገርን። በአንድ መንገድ ላይ፣ በሚኒባስ ደርሶ መመለስ እየተቻለ፣ ሁለት ቤት አንድ ዓይነት ነገር ለምን ይገዛል? አንዱን እነሱ፣ አንዱን እኛ፤ ከዚያ መዋዋስ። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ኮርቼበትም ነበር። ለኮሌጁ ዲን ስነግረው አንገቴን ቀና አድርጌ ነው።

አሁን ትልቁን ሁለታችንም ይዘናል። የቡናውን ሁለታችንም ሰርዘናል።

ጅማ ውስጥ። ቡና ባለበት አገር። የሚያስቀው ይሄ ነው፤ አልሳቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ መደርደሪያው ፊት ቆምኩ። ይሄ ክፍል ውስጥ ጥርሱ ያልወለቀ መደርደሪያ የቡናው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ክፍተት ነው። የእኛ በጀት በሐምሌ ይጀምራል፣ የውጭ አሳታሚዎቹ ዓመት በጥር፤ የባንኩ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ሲመጣ የዓመቱ የመጀመሪያ እትሞች ተሸጠው አልቀዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓመት ራስ የሌለው ሆኖ ይቀመጣል። ለቡናው ግን ከእኔ በፊት የነበሩት ኃላፊ በየዓመቱ ለአሳታሚው እየጻፉ፣ እየለመኑ አሟሉት። ከእሳቸው በኋላ እኔ ለመንኩ። መንግሥት ሲለወጥ፣ መንገዱ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ እንኳ፣ ዘግይቶ ይሁን እንጂ ሁሉም መጣ። ሰውየው ሲያስረክቡኝ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ወደዚህ መደርደሪያ ወስደው የእትሞቹን ጀርባ በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ነካኩ።  ገባኝ።

በጀት የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ነው። ሒሳብ ክፍል ወረቀት የሚቀበለው እስከ ዓርብ።

ማክሰኞ

እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ትናንት መጻፍ አልፈለግሁም።

መጋቢት ላይ አቶ ክፍሌ ለስብሰባ ጅማ መጥተው ነበር። ሄርማታ ሰፈር፣ ገበያው ዳር ያለ ምግብ ቤት ሽሮ በላን። እጄን ልታጠብ እንደምሄድ አስመስዬ ለአስተናጋጁ ብሩን በእጁ አስጨበጥኩት። እሳቸው ለካ ገና ሳንቀመጥ ከፍለዋል። አስተናጋጁ የሁለታችንን ብር በሁለት እጁ ይዞ መጣና በመካከላችን ቆመ። ሳቅን። አቶ ክፍሌ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ያን ጊዜ ነበር መንቃት የነበረብን።

ምክንያቱም ቀጥሎ የተነሳው የመጽሔቱ ጉዳይ ነው፣ ያንንም ያደረግነው በዚያው መንገድ ነው። ውዱን ማን ይያዝ? "ትልቁን ለእኛ ይተዉት፤ እናንተ ብዙ ተማሪ አለባችሁ፣ አትቸገሩ" አሉኝ። በፍጹም አልኩ፤ እናንተ ገጠር ናችሁ፣ ዕዳውን ለእኛ ተዉት፣ የቡናው ይሻላችኋል። በሞቴ አሉ። እኔ ልሙት አልኩ። እሳቸው ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ፣ እኔ ጃንጥላዬን ያዝኩ፣ በሩ ላይ ገና እየተማማልን ነበር። ማን እንደተሸነፈ ሳይለይ ሚኒባሱ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቀድመው እንዳይከፍሉብኝ፣ ዝርዝሩን አዘጋጅቼ ትልቁን አስገባሁ፣ የቡናውን ሰረዝኩ። እሳቸውም በዚያው ጠዋት፣ ቀድሜ እንዳልከፍልባቸው።

የሁለት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ነን። ዕድሜያችንን ወረቀት ስናስቀምጥ የኖርን። አንድ ገጽ ጽፈን መፈራረም አልታየንም። ታይቶን ነበር፤ እኔ አስቤው ነበር። በሚከባበሩ ሰዎች መካከል ወረቀት ማስገባት አለመተማመን መሰለኝ። ነውር መሰለኝ።

ሒሳብ ክፍል ሄድኩ። ታምሩ የተቀጠርኩበት ዘመን ሰው ነው፤ አብረን ነው የገባነው። ሳያየኝ በእግሬ ድምፅ ያውቀኛል።

"ጽጌ፣ አንቺ መጽሔት ብለሽ ስትመጪ እኔ መታመም ያምረኛል።"

ነገርኩት። የምናስመጣቸው መጽሔቶች ዝርዝር ተፈርሞ ታሽጓል። አንድ መስመር ለመለወጥ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ የዲኑ ፊርማ፣ እና መጽሔቱን የሚያመጣልን የአዲስ አበባው ወኪል ዋጋውን ጽፎ የሚልከው ፕሮፎርማ። ተጨማሪ ብር የሚባል ነገር እንዳላነሣ አስጠነቀቀኝ። ብር አልጠይቅም አልኩት። ትልቁን አውጥቼ የቡናውን ላስገባ ነው የምለው፣ እንዲያውም ይረክሳል። ቀና ብሎ አየኝ። "ዲኑ ትልቁን የሚለቅ ይመስልሻል?" አለ። ለምን እንደማይለቅ አልገባኝም።

ዲኑ የለም። ስብሰባ። ከስብሰባው በኋላ ሌላ ስብሰባ። ጸሐፊዋ ጥፍሯን እየሞረደች ነው የነገረችኝ።

ወደ መጽሔት ክፍሉ ስመለስ ካርቶኖች ተከምረው ጠበቁኝ። ከውጭ የመጣ የመጽሔት እርዳታ። ደስ ይበላችሁ ተብሎ የምስጋና ደብዳቤ እንድጽፍ የተላከ። ከፈትኩ። ስለ በረዶ መንሸራተት። ስለ መርከብ ቀለም። ስለ ውሻ ጠጉር አቆራረጥ። ለቤት ውስጥ መዋኛ ገንዳ ባለቤቶች። ሁሉም የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ሁሉም ያማረ፣ ከአንዱ ዓመት አንድ እትም፣ ከሌላው ዓመት ሁለት። ይሄን እንድመዘግብ፣ ማኅተም እንዳደርግበት፣ መደርደሪያ እንድሰጠው። የምፈልገውን ስጠይቅ ብር የለም። ያልጠየቅሁት በመርከብ ይመጣል።

የምስጋናውን ደብዳቤ ጻፍኩ። 

ረቡዕ

ግምገማ።

ጠዋት ሙሉ ተቀመጥን። ዲኑ መሐል፣ ፊቱ ማስታወሻ ደብተር። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ትምህርቱ ብዙ ነው፣ ሲናገር ሁለቱን እጆቹን አንድ ነገር እንደሚጠቀልል ያዞራቸዋል። ተራዬ ሲደርስ የመጽሔት ክፍሉ ተገልጋይ የለውም አለ። ዘመኑ የኮምፒዩተር ነው፣ ሁሉም ነገር በሲዲ እየመጣ ነው፣ ወይዘሮ ጽጌ ግን ወረቀት ማምለክ ይዘዋል። "አስተሳሰብ መለወጥ ያስፈልጋል" አለ። የሲዲዎቹ ሣጥን ያለው በእሱ ቢሮ፣ በእሱ ቁም ሣጥን፣ በእሱ ቁልፍ ነው። ማን አየው? ይሄን ማለት ነበረብኝ።  ሌሎቹ ጠረጴዛውን ያያሉ። እንዲያውም አንዷ የራሴ ባልደረባ፣ ለምሳ አብረን የምንወጣ፣ ለመሻሻል ሲባል ብላ ጀመረችና አንባቢ በምላጭ ገጽ እየቆረጠ የሚወስደው እኔ ስለማልቆጣጠር ነው አለች። ኮፒ ማሽኑ ቀለም ካጣ ስንት ጊዜ ሆነው! ሰው ምን ያድርግ? ገጹን በጥርሱ ይቅዳ?

ድክመቴን እቀበላለሁ አልኩ። እንዲህ ነው የሚባለው። ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም፣ አፌ ራሱ ነው ያለው።

ስለ ቡናው መጽሔት እዚያ ማንሳት አልቻልኩም። ራሴ አጥፍቼ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ፣ በዚያ ሰው ፊት? ፈራሁ። እዚህ ልጻፈው፦ ፈራሁ።

ስወጣ ጀማል ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ወጣት መምህር ነው፣ የጎማ ወረዳ ልጅ፤ ለሁለተኛ ዲግሪው የሚሠራው ቡናን ከሥሩ በሚያደርቀው በሽታ ላይ ነው። የመጽሔት ክፍሉን በእውነት የሚጠቀም ሰው ጥሪ ብባል መጀመሪያ እሱን እጠራለሁ። ተገልጋይ የለውም ሲባል ዲኑ ይሄን ልጅ አያየውም ማለት ነው።

"እትዬ ጽጌ፣ አይዞዎት፣ ሁላችንንም ጠብሰውናል" አለኝ እየሳቀ። ከዚያ የቡናው መጽሔት የሚመጣው ዓመት የመጀመሪያ እትም ሙሉ በሙሉ ስለሚያደርቀው በሽታ ነው ተብሎ በቅርቡ እትም ጀርባ ማስታወቂያ ማየቱን ነገረኝ። ከዚያ በፊት የመመረቂያ ጽሑፉን እንደማይዘጋ፣ እሱን እየጠበቀ መሆኑን። ዓይኑ ያበራል።

ልዋሽ አሰብኩ። ከዚያ ነገርኩት። ምሳውንም፣ የሁለታችንን ብር ይዞ የቆመውንም አስተናጋጅ፣ ሁሉንም።

መጀመሪያ የሚስቅ መሰለኝ። አልሳቀም።

"ወላሂ፣ እናንተ ሰዎች ለምሳ ሒሳብ ስትታገሉ አይቻለሁ" አለ። "በእኛ ቡና ላይ ትታገላላችሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።"

እናንተ ሰዎች አለኝ። እዚህ ጅማ ነው የተወለድኩት። አባቴ ለሥራ ተልኮ መጥቶ እዚሁ ነው የተቀበረው። ግን ልጁን ምን እለዋለሁ?

አባቱ ባለፈው ሳምንት ከጓሮው ጀምሮ እስከ ወንዙ ያለውን ቡና ነቅሎ እንዳቃጠለ ነገረኝ። የደረቀው ዛፍ ያልደረቀውን እንዳይበክል። አባቱ ሲያቃጥል አላለቀሰም፣ እሳቱ እንዳይጠፋ ይቆሰቁስ ነበር አለ። ቀጥሎ የተረፈውን በምን እንደሚያድን አባቱ ጠይቆታል፤ የተማርከው አንተ ነህ ብሎ። "መጽሔት እየጠበቅሁ ነው አልኩት" አለኝ ጀማል። "ኤዬ፣ እሺ፣ ጠብቅ አለኝ።"

ሄደ። ደረጃውን ሲወርድ ሰላምታ አልሰጠኝም።

ሐሙስ

አቶ ክፍሌ በዝናብ መጡ። ጠዋት በሩን ስከፍት ደጅ ቆመው አገኘኋቸው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ፣ ከረባታቸው ግን ቀጥ ያለ። የእሳቸው ዝርዝር አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ከገባ ቆይቷል፤ ሊመልሱት ሞክረው አልቻሉም። ስለዚህ መለወጥ የሚቻለው የእኛው ብቻ ነው። ቀላል ነው። ትልቁን ጣቢያው ይያዝ፣ የቡናውን ኮሌጁ። አንድ ፊርማ።

ዲኑ ጋ አብረን ገባን።

ገና ከመቀመጣችን አቶ ክፍሌ ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን አስረዱ። እኔ ደግሞ፣ የለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። እሳቸው ለደግነቴ አመስግነው፣ በዕድሜ ስለሚበልጡ ኃላፊነቱ የእሳቸው ነው አሉ። እኔ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ አልኩ። እሳቸው በፍጹም አሉ። ዲኑ ዓይኑን ከአንዳችን ወደ አንዳችን ያንከራትታል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ እየተሻማን ነው።

"ጥፋቱን ተካፍላችሁ ስትጨርሱ ጥሩኝ" አለ ዲኑ።

ከዚያ እምቢ አለ። ትልቁ መጽሔት የሌለው ኮሌጅ ኮሌጅ አይባልም፣ ከሚኒስቴር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አቶ ክፍሌ "እንደ ፈቃድዎ" ብለው ተነሡ። እንደ ፈቃድዎ! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጭቃ የረገጡት?

ኮሪደሩ ላይ አላስቻለኝም። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ "አቶ ክፍሌ፣ ጨዋነትዎ ገደለኝ" አልኳቸው።

ቆሙ። ጃንጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"የእርስዎስ?" አሉ።

  ዛሬ አይመለሱም፣ ሄርማታ የእህታቸው ልጅ ቤት ያድራሉ። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ፣ እኔ በመስኮት አየኋቸው፤ ኩሬ ባለበት ሁሉ ቆም እያሉ መሻገሪያ ይፈልጋሉ።

ከሰዓት በኋላ ታምሩ ጋ ሄጄ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ነው ምክንያቱን የነገረኝ። ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ዲኑ በሕይወቱ አንድ ጽሑፍ ነው ያሳተመው። የታተመው በትልቁ መጽሔት ነው። እንግዳ ሲመጣ መደርደሪያው ጋ ወስዶ በአጋጣሚ እንደገለጠ ሆኖ ያንን ገጽ ይገልጣል።

ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ ሲገልጥ! መጽሔቱን የሚወድ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ

ማታውን በደንብ አልተኛሁም፣ ጠዋት ግን ጭንቅላቴ ጥርት ብሎ ተነሣሁ። ቁጣ እንዲህ ያደርጋል።

የኮሌጁ መግቢያ አዳራሽ ውስጥ አንድ የመስታወት ሣጥን አለ። በድሮው መንግሥት ጊዜ ዋንጫና ሜዳልያ ምናምን ይታይበት ነበር። መንግሥቱ ሲወድቅ ውስጡ የነበረው ወጣ፣ በምትኩ ምን እንደሚገባ የወሰነ ሰው ስለሌለ እስከ ዛሬ ባዶውን ቆሟል። ጽዳት ሠራተኞቹ ግን በየሳምንቱ መስታወቱን ይወለውሉታል።

በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ትልቁን መጽሔት፣ ያንን እትም፣ ከመደርደሪያው አወጣሁ። የዲኑ ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ገልጬ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ከሥሩ ቀይ ጨርቅ አነጠፍኩ። በካርድ ላይ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የጽሑፉን ርዕስ በታይፕ ጻፍኩ። ስጽፍ ቁልፎቹን የምመታቸው እንደ ምስማር ነበር።

ሲገባ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁት።

አየው። ቦርሳውን ያዘ፣ ለቀቀ። መስታወቱ ውስጥ ፊቱ ይታየኛል፤ እንደ ልጅ ሆነ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ልናደድበት ፈልጌ ለአፍታ አዘንኩለት፣ ከዚያ በማዘኔ ተናደድኩ።

"ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን" አለ። "ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅ።"

ወደ ግራ አደረግሁት።

እንግዳ ገና ከበሩ ሲገባ ያየዋል አልኩ። ወደ መጽሔት ክፍሉ መውጣት አያስፈልገውም። ትልቁ መጽሔት ከእንግዲህ የቡ ቢቀመጥም ይሄ እትም ከዚህ አይነቃነቅም። ዝርዝሩን የሚለውጠውን ወረቀት ዘረጋሁለት። እስክሪብቶውን እኔው ሰጠሁት። መስታወቱ ላይ ተደግፎ ፈረመ።

እንዲህ ነው እንግዲህ። የጀማል አባት የተቃጠለ ቡና አላሳመነውም፤ እንዲያውም አልተነገረውም፣ ለመናገር ዕድል አልነበረም። አንድ ቀይ ጨርቅ አሳመነው። አሸነፍኩ መባል ካለበት አሸነፍኩ። አፌ ግን መረረኝ። ዕድሜ ልኬን መጽሔት የሰበሰብኩት ሰው እንዲያነብ ነበር። ዛሬ አንዱን እንዳይነበብ መስታወት ውስጥ ቆለፍኩት፣ ሌላው እንዲነበብ።

ታምሩ ወረቀቱን ተቀበለ። ፕሮፎርማው ግን ገና ነው። ለወኪሉ ፋክስ ላክን፤ ዝናቡ መስመሩን አቋረጠው፤ ደግመን ላክን፤ ማሽኑ ጮኸ፣ ሄደ ይሁን አይሁን አልታወቀም። ታምሩ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወደ ባንክ የሚሄደውን ፖስታ እስከ ሰኞ ምሳ ሰዓት ሳያሽገው ይቆያል። ከዚያ በላይ ራሱ ይጠየቃል። አመሰግናለሁ ለማለት ስጀምር ውጪልኝ አለ።

ከአቶ ክፍሌ ጋር ምሳ በላን። እዚያው ምግብ ቤት፣ ያው አስተናጋጅ። ትናንት ስለተናገርኩት ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ እሳቸው የምን ይቅርታ አሉ፣ እኔ ልቀጥል ስል አቆምኩ። ሁለታችንም አቆምን። ከዚያ ወረቀት አወጣሁ። አንድ ገጽ። ትልቁ የማን፣ የቡናው የማን፣ በየስንት ጊዜ ይላላካል፣ ማን ያመጣል። ሁለት ቅጂ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈረምን፤ አንደኛውን ቅጂ የሽሮ ዘይት ነካው፣ እሱን እኔ ወሰድኩ።

ሒሳብ መጣ። እጄ በራሱ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። መለስኩት። ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሌላው እጄ ያዝኩት።

አቶ ክፍሌ ጠበቁኝ። እንድታገላቸው ነው የጠበቁት። አስተናጋጁም ጠበቀ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል፤ አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ የሚያዩኝ መሰለኝ፣ እንዴት ያለች ናት የሚሉ። በመጨረሻ አቶ ክፍሌ ግራ ገብቷቸው፣ ቅር እንዳላቸው ሁሉ፣ ቀስ ብለው ብሩን አወጡ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

በሕይወቴ ከከበዱኝ ነገሮች አንዱ ነው። ማንም አያምነኝም።

ቅዳሜ

ቤት ነኝ። ዝናብ። ባለቤቴ ስለ ምሳው ስነግረው እውነት ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ? እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ስለ መጽሔቱ አንድም አልጠየቀኝም።

ጠዋት የጅማው መርካቶ በርበሬ ልገዛ ወጥቼ ጀማልን አገኘሁት። ከጎማ መምጣቱ ነው፣ ጫማው ቀይ አፈር። ዲኑ መፈረሙን፣ ፕሮፎርማው አለመምጣቱን ነገርኩት። "ኢንሻ አላህ" አለ። ሲናደድ የሚለው ዓይነት አልነበረም፣ ሲደሰትም የሚለው ዓይነት አልነበረም። በርበሬውን ከእጄ ወስዶ እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸከመልኝ። እኔ እሸከመዋለሁ አላልኩም። እየተማርኩ ነው መሰል።

የሚያናድደኝ ግን አልቀነሰም። ይሄ ሁሉ ግርግር ለአንድ ቀጭን መጽሔት ነው። ሌሎቹስ? ስለ አፈሩ፣ ስለ ከብቱ በሽታ፣ ስለ እህል ተባዩ የነበሩት፣ በየዓመቱ አንድ በአንድ የሰረዝኳቸው? ለእነሱ ማንም አልታገለም። እኔም አልታገልኩም፤ ዝርዝሩ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩና ሻይ ጠጣሁ። የመስታወት ሣጥኑ አንድ ነው። ለሚቀጥለው ምን አነጥፋለሁ?

ሰኞ

ጠዋት ሙሉ ፋክሱ አጠገብ ቆምኩ። ጸሐፊዋ ወንበር ሰጠችኝ፣ አልተቀመጥኩም።

ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ጮኸ። ወረቀቱ መውጣት ጀመረ፣ ቆመ፣ እንደገና ወጣ። ግማሹ ጥቁር ሆኗል። የወኪሉ ስም ይነበባል። የመጽሔቱ ስም ይነበባል። ዋጋው ያለበት መስመር ላይ መጥፎ ጥላ ወድቆበታል፤ በመስኮቱ ብርሃን ሲያዩት ይታያል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ይጠፋል።

እየሮጥኩ ወሰድኩት። ታምሩ መስኮቱ ላይ ለጥፎ አየው፣ አዙሮ አየው። ይሄን ባንክ ይቀበለዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጽጌ" አለ። ፖስታው ውስጥ ከተተው፣ ከንፈሩን ነክሶ አሸገው፣ ማኅተሙን እንደ መዶሻ መታው። ፖስታው ሄደ። ባንኩ ቢመልሰው የምንሰማው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ምንም ማድረግ አይቻልም። ቢያልፍም የምናውቀው መጽሔቱ ሲመጣ ነው።

ከሰዓት በኋላ የአጋሮ ሚኒባስ ሾፌር በሩ ላይ ቆመ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። ከአቶ ክፍሌ። የትልቁ የቅርብ እትም፣ ለእኛ ገና ያልደረሰው፣ ለአንድ ወር ውሰት። ከላዩ በሁለት ቅጂ የተጻፈ መረከቢያ አለ፤ ከታች የእሳቸው ፊርማ፣ አጠገቡ ለእኔ ፊርማ ባዶ ቦታ። ሾፌሩ አንዱን ፈርሜ እንድመልስለት ታዟል፤ ሽማግሌው ያለ ፊርማ እንዳትመለስ ብለውኛል አለኝ እያፈረ፣ እኔ የምቀየም መስሎት። ፈረምኩለት። ገለቶሚ ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።

ከዚያ መደርደሪያው ጋ ሄድኩ። የበረዶ መንሸራተቻዎቹን መጽሔቶች ባለፈው ሳምንት ቦታ አጥቼ ከቡናው ጎን አስደግፌአቸው ነበር። አንሥቼ መሬት ላይ ከመርኳቸው። ከመጨረሻው እትም አጠገብ ለሚመጣው ዓመት ቦታ ተውኩ፣ እንዳይወድቅም የብረቱን መደገፊያ ገፋ አድርጌ አቆምኩ። ብዙ ቦታ አይፈልግም። ቀጭን ነው።